ጫካዬ ውስጥ የሚያልፉ ሰዎች

ሐምሌ 3

ልጄ ሩቲ ይህን ደብተር ገዝታ አመጣች። «አባዬ፣ ንዴትህን እዚህ ላይ ጻፈውና እኛን ተወን» አለች። እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት የሱቄን ዕቃ ስም ብቻ ነው፤ ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ ቆርቆሮ። ቢሆንም እጄ አልረሳም። እጽፋለሁ።

ነገሩ ይህ ነው። አገር ቤት ከአገና በላይ ጫካ አለኝ። ባሕር ዛፍና ጥድ ነው። የወንድሜ ልጅ ኤልዳድ እዚያው ስለሚኖር ይጠብቅልኛል። ዛሬ ደወለ። «ጋሼ፣ ሰዉ ጫካውን መንገድ አድርጎታል» አለኝ። ከዳር እስከ ዳር ይረግጡታል አለ። ከብትም ይነዱበታል። አንድ ለጋ ጥድ ተሰብሯል። ከሁሉም የሚብሰው ጎረቤቴ ሱሩር ነው። ኤልዳድ «ምን ታደርጋለህ እዚህ?» ቢለው «እሄዳለሁ፣ ምን አደርጋለሁ!» ብሎ መለሰለት።

ድሮ ዘነበች የምታልፍባት ቀጭን መንገድ ነበረች። መንገዷ የቤት መንገድ ናት። የአገር መንገድ አይደለችም።

ዘነበች ሚስቴ ናት። ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። ከጫካው ወዲያ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ተቀብራለች። ጎኗ ለኔ ነው። ይህን ለሩቲ ነግሬያታለሁ። ሌላ ቦታ አልቀበርም።

ሐምሌ 6

ሽቦ ይታጠርበት አልኩ። እሾህ ያለው ሽቦ። መርካቶ ሄጄ ራሴ መረጥኩት፤ ሽቦ የሚያውቅ ሰው ነኝ። በወልቂጤ መኪና ጣሪያ ላይ አስጭኜ ላክሁ።

ገብረሃና ሰማ። ግቢያችን ውስጥ በሩ ከበሬ ፊት ለፊት ነው፤ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፣ የአዲግራት ሰው። «አንተ ቂርቆስ ቁጭ ብለህ እዣ ወረዳ ያለ ጫካ ትጠብቃለህ? ዘበኛ በሪሞት!» አለኝ።

«የራሴን ንብረት ነው።»

«እዚህ ሰው ጠዋት ማታ በመስኮትህ ሥር ሲመላለስ አንድ ቀን ተናግረህ አታውቅም።»

«ይሄ የቀበሌ ቤት ነው። ያ የኔ ነው።»

ሳቀ። ሰውዬው ነገር አያልቅበትም።

ሐምሌ 12

ታጥሯል። ኤልዳድ በስልክ ፎቶ ላከ። ሩቲ አሳየችኝ። ጥሩ አጥር ነው። ቀጥ ያለ ነው። ያንን ቀጭን መንገድም ዘግቶታል፤ ዝጋው ያልኩት እኔ ነኝ።

ፎቶው ላይ ዛፎቹ አድገዋል። እኔ የተከልኳቸው ናቸው። ችግኙን ከዚህ በመኪና ነበር የምልከው፤ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ። ዘነበች ከመኪናው ትቀበልና መሬት ታስገባው ነበር። በደረቅ ወራት ውሃ የምታጠጣውም እሷ ናት። እኔ በመስቀል እየሄድኩ አያለሁ። «ይሄኛው ለምን ቀጨጨ?» ስላት «ጥላ በዝቶበት ነው፣ ሳትቆጣ ብላ» ትለኝ ነበር።

ዘንድሮ በጥቅምት ካዛንቺስ መንገድ ሲሰፋ ሱቄ ተነስቷል። እንግዲህ የቀረኝ ጫካው ነው። እዚህ ላይ ሰው ይረዳኛል ብዬ ነበር።

ሐምሌ 19

ዛሬ ቂርቆስ ነው። ሰዉ ከበር እስከ አስፋልት ነጭ ለብሶ ሞልቷል። ታቦቱ ገብቶ ወደ ቤት ስመለስ ስልክ ጮኸ። ሱሩር ነው።

«ጋሼ አመርጋ፣ እንዴት ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? ልጆቹ ደህና ናቸው? ቂርቆስ እንዴት ከረመ?»

«ደህና ነኝ። ምን ፈልገህ ነው?»

ከዚያ «የታችኛውን መንገድ ውሃ ወስዶታል» አለ። «እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ክረምት ሲገባ ይሄዳል። ሰዉ ገበያም መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም የሚሄደው በእርስዎ ጫካ ነበር። አሁን በላይኛው ድልድይ እየዞረ ነው። ለሽማግሌ ከባድ ነው። ለእርጉዝም ከባድ ነው።»

«የኔ ጫካ ድልድይ ነው እንዴ ሱሩር?»

«አይደለም ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ… እርስዎ ቢመጡና ቢያዩት ብዬ ነው።»

ዘጋሁት።

ሐምሌ 20

ስለ እናቱ ጤና አልጠየቅሁትም። እሱ ስለ ሁሉም ጠየቀኝ። ትልቅ ሴት ናት፤ በመስቀል ስሄድ ቅቤ ትልክልኝ ነበር። በሚቀጥለው እጠይቃለሁ።

ሐምሌ 28

ሽቦው አንድ ቦታ ተቆርጦ አደረ። ማን እንደቆረጠው አልታወቀም ይላል ኤልዳድ። እኔ አውቃለሁ። በእጥፍ ዝጋው አልኩት።

ማታ ሌላ ስልክ መጣ። የመንደሩ ሽማግሌ አቶ ሞርዳ ናቸው። ድምፃቸው አልተለወጠም።

«አመርጋ፣ ሰምተናል። ነገሩ እስኪታይ ሽቦውን ማንም እንዳይነካ ብለናል። የሚነካ እኛን ነካ። አንተ ደግሞ መጥተህ ትቀመጣለህ።»

«በስልክ ይንገሩኝ። እሰማለሁ።»

«ሽማግሌ በስልክ አይቀመጥም።»

«እኔ ተበዳይ ነኝ እኮ አቶ ሞርዳ! ተበዳይ ነው እንዴ የሚሄደው?»

«በዳይም ተበዳይም እግር አላቸው» አሉኝና እግዜር ይስጥልኝ ብለው ዘጉ።

አልሄድም። የገዛ ጫካዬን ለማስከበር ሣር ላይ ተቀምጬ ልለምን?

ነሐሴ 2

ዝናብ። ጣሪያው ያፈሳል። ባልዲ።

ነሐሴ 5

ጾም ነው። ሩቲ ከቢሮ ስትመለስ ከኡራኤል ሽሮና ጎመን ይዛልኝ መጣች። እኔ የተኛሁ መስሏት በር ላይ ቆማ ከባሏ ጋር በስልክ ታወራ ነበር። የሰው ወሬ መስማት ልማዴ አይደለም። ግን በሩ ስስ ነው።

«ነገሩ እኮ ጫካው አይደለም» አለች። «እማዬ ከተቀበረች አንድ ቀን ሄዶ አያውቅም። ሱቁ እያለ ሱቁን ያሳብባል። ሱቁ ሲሄድ ጉልበቴን አለ። አሁን ደግሞ ሽማግሌዎቹን። በቃ ፈርቶ ነው።»

ምን እፈራለሁ? ጊዜ አላገኘሁም። ጉልበቴም እውነት ያመኛል፤ ሐኪም አይቶታል። በዚያ ላይ ክረምት ነው። ሰው በክረምት አገር ቤት አይሄድም።

ሽሮው ጥሩ ነበር።

ነሐሴ 6

ባለፈው በጋ መሄድ እችል ነበር። ክረምት አልነበረም።

ነሐሴ 14

ትናንት ለቡሄ ልጆች በር ላይ ሲጨፍሩ ለኤልዳድ ብደውል አላነሳም። ዛሬ ጠዋት አነሳ። ድምፁ የለም።

የሱሩር እናት ሞታለች። ትናንት ተቀብራለች።

የሙስሊሙም መቃብር ከጫካው ወዲያ ነው። ውሃው ሞልቷል። ቃሬዛውን ተሸክመው ጫካው ጫፍ ደረሱና ሽቦው አጠገብ ቆሙ ይላል። ዝናብ ይዘንብ ነበር። መቁረጫ የያዘ ሰው ነበር። ማንም አልቆረጠም። ሽማግሌ ይዞታል ተባለ። ዞረው በድልድዩ ሄዱ። ሲደርሱ ሊመሽ ነበር።

«አንተስ?» አልኩት።

«ሄጃለሁ ጋሼ።»

«ጎሽ።»

«ቃሬዛውን ልሸከም ትከሻዬን ሰጠሁ። የያዘው ሰው አለቀቀልኝም። ወደ ሌላው ሄድኩ። እሱም አለቀቀልኝም። ማንም አልተሳደበም። ማንም አልተቆጣም። ዝም ብለው ነው። ባዶ ትከሻዬን ይዤ ከኋላ ሄድኩ።»

ኤልዳድ ሚስት ያለው፣ ልጆች ያሉት ሰው ነው። አለቀሰ። ሽቦውን ያጠረው በኔ ቃል ነው። በኔ ፈንታ ነው ያን ያደረጉበት።

የሴትዮዋን ጤና ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ነሐሴ 17

ገብረሃናን እንዲሁ ለወሬ ያህል ጠየቅሁት። «የኛ እድር አስከሬን አገር ቤት ያደርሳል?»

«መኪና ይከራያል፣ ያደርሳል። ምነው፣ ልትሞት ነው እንዴ? ሳትነግረኝ?»

«እንዲያው ነው የምጠይቀው። ካደረሰ በኋላስ?»

«ካደረሰ በኋላማ የአገሩ ሰው ነዋ። እድሩ እስከ መኪናው በር ነው። ከመኪናው በር ወዲያ ያለው ትከሻ ነው።»

መኪና ጫካው አጠገብ አይደርስም። ላይኛው መንገድ ላይ ይቆማል።

ሱሩር እናቱ እንደሞተችበት ነገርኩት። ገብረሃና ባርኔጣውን አወለቀ። «ለቅሶ ደረስክ?» አለ።

«ጠብ ላይ ነን።»

«ጠብ ጠብ ነው፤ ለቅሶ ለቅሶ ነው። ይሄን እኔ ልንገርህ እንዴ? የኔ አገር ሩቅ ነው። ስንቱ ሞቶ ሳልደርስ ቀረሁ። ያንተ በግማሽ ቀን ይደረሳል። ተነስ።»

ሁልጊዜ የሚቀልድ ሰው ሳይቀልድ ሲቀር ደስ አይልም።

ነሐሴ 19

ለሱሩር ደወልኩ። ሚስቱ ዙለይካ አነሳች። አላህ ያጽናችሁ አልኩ። አሜን አለች። በሥርዓት ነው የመለሰችው። ልዘጋ ስል «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበል?» አለች።

«በይ።»

«መንገዱን ዘግተው ሰው ተናደደ። እኔ ግን አልተናደድኩም። ገረመኝ። እርስዎ አይደሉም እንዴ የሰጡን?»

«እኔ? መቼ?»

«በመጀመሪያ ልጄ ምጥ የያዘኝ ጊዜ። ውሃ ሞልቶ ነበር። በቃሬዛ ይዘውኝ ጫካው ጋ ሲደርሱ መንገዷ ጠባብ ሆና ቃሬዛው አላልፍ አለ። እትዬ ዘነበች መጥረቢያ ይዛ ወጣች። ባሕር ዛፎቹን ራሷ ጣለችልኝ። ሰዉ ‹ኧረ አቶ አመርጋ ይቆጣሉ› ቢላት ‹ነግሬዋለሁ፣ ይሁን ብሏል፣ ክረምት ክረምት ሁላችሁም እለፉ› አለች። ከዚያ ወዲህ የእርስዎን ስም ሳናነሳ፣ ሳንመርቅ አልፈን አናውቅም።»

«ልጁ ደህና ነው?» አልኳት።

«ሴት ናት። ደህና ናት። ወልቂጤ ትማራለች።»

ነሐሴ 20

ዘነበች አልነገረችኝም። ያን መስቀል ስሄድ ባሕር ዛፎቹ ወድቀው ግንዳቸው ተከምሮ አየሁ። ምን ሆነው ነው ብላት ነፋስ ጣላቸው አለች።

ነፋስ ነው ብላኛለች። ነፋስ ነው።

ነሐሴ 23

ነፋስ ዛፍ ሲጥል ከሥሩ ነው የሚነቅለው። በመጥረቢያ አይቆርጥም። ያኔ ጉቶውን አይቻለሁ። ለስላሳ ነበር።

አንድም ነገር አላልኳትም። ለምን እንዳላልኳት አላውቅም።

ጳጉሜ 2

አቶ ሞርዳ ቀን ቆርጠው ላኩ። ከመስቀል በፊት፣ ሰዉ ከየከተማው ሲገባ፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። ካልመጣሁ የተፈረደው ይፈረዳል፤ ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሰው ከኔም ከኤልዳድም ጋር አይጠራራም። ለደስታም ለሐዘንም።

ለሩቲ ነገርኳት። «ለቅሶ ልደርስ ነው የምሄደው። ለሽማግሌ አይደለም።»

«እሺ አባዬ።»

«ለጫካውም አይደለም።»

«እሺ አልኩህ እኮ! ካፖርትህን ልጠብልህ?» አለች። ቀድማ አውጥታ በሳሙና አሻሽታው ነበር።

መስከረም 8

ሩቲ እስከ ሜክሲኮ ሸኘችኝ። ከዚያ በታክሲ አየር ጤና፣ ከዚያ የወልቂጤ መኪና። ጉልበቴ ታጥፎ ዋለ። ከአገና ኤልዳድ ተቀበለኝ። ከስቷል።

ቀጥታ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ከየከተማው የገባ ለቅሶ ደራሽ ተቀምጧል። ስገባ ሁሉም ተነሳ፤ ለዕድሜዬ ነው። ማንም ግን እዚህ ይቀመጡ አላለኝም። ቆሜ ቀረሁ። ሱሩር ከውስጥ መጣ፣ አየኝ፣ አጎንብሶ እጄን ሳመና ክንዴን ይዞ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ስለ ሽቦው አልተነሳም። ስለ እናቱ ብቻ ነው ያወራነው። በበሽታዋ ሰሞን «አመርጋ በመስቀል ሲመጣ ቅቤዬን አትርሱ» ትል ነበር አለኝ።

ኤልዳድ ቤት አደርኩ።

መስከረም 10

በመንደሩ መካከል ባለው ሰፊ ሣር፣ ጀፎሮው ላይ፣ ተቀመጥን። ሰው ብዙ ነው። እኔ ባንድ በኩል፣ ሱሩር በሌላ በኩል። አቶ ሞርዳ መሐል።

መጀመሪያ እኔ ተናገርኩ። አሳምሬ ተናገርኩ። ጫካው የአባቴ መሬት ነው፣ ዛፉ የኔ ነው፣ ግብሩን የምከፍል እኔ ነኝ፣ ማንም ሳያስፈቅደኝ ረገጠ አልኩ። ሰዉ ሰማኝ። ሱሩር ሲጠየቅ አጭር ነው የተናገረው። «ተሰጥቶን ነው ያለፍነው። ሌላ የለኝም» አለ።

አቶ ሞርዳ ወደኔ ዞሩ። «አመርጋ፣ አንድ ነገር ነው የምጠይቅህ። ዘነበች መንገዱን ስትሰጥ ‹ባሌ ይሁን ብሏል› ብላ እዚህ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ተናግራለች። እኔም ሰምቻለሁ። ብለሃል ወይስ አላልክም? አላልክም እንደሆነ ሴትየዋ ዋሽታናለች፤ መንገዱ ይዘጋል፣ ጫካህ ይከበራል። ብለህ እንደሆነ ደግሞ ቃሉን ያጠፍክ አንተ ነህ።»

አላልኩም። እግዜር ያውቃል፣ አላልኩም። አላልኩም ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ዙለይካ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። መሬት መሬት ታያለች። ሌሎቹም ሴቶች እንዲሁ። ዘነበችን ሁሉም ያውቋታል። እኔ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የማውቃት፣ እነሱ ሁልጊዜ። አሁን እኔ አንዲት ቃል ብናገር ያቺ ሴት እዚያ ማዶ ተኝታ ውሸታም ልትባል ነው። የኔ ሚስት!

«ብያለሁ» አልኩ።

«ድምፅህን ከፍ አድርግ።»

«ይሁን ብያለሁ! ከዚያ በፊት በነበረው መስቀል ነው የነገረችኝ። እኔው ነኝ ፈቀድኩላችሁ ያልኩ።»

«ታዲያ ሽቦው?»

«ለከብት ነው» አልኩ።

ከኋላ አንዱ «ሱሩር ላም ነው እንዴ?» አለና ሰዉ ሳቀ። አቶ ሞርዳም ጢማቸው ተንቀሳቀሰ። ሱሩር አልሳቀም። ትኩር ብሎ ያየኝ ነበር። የሚያውቅ ይመስለኛል።

ፈረዱብኝ። «ያሳጠርከው በሰው እጅ ነው፤ የምታነሳው በራስህ እጅ ነው። ማንም እንዳይረዳህ» አሉ። ኤልዳድን ነጻ አወጡት። ተነስተው ሲሄዱ አንድ ሽማግሌ ትከሻውን ነካ አደረገው። አየሁ።

መስከረም 12

ሽቦ እየጠቀለልኩ ነው። ሁለት ቀን ሆነ። እጄ ቆስሏል፤ ለዚህ ነው ጽሕፈቴ የከፋው።

ሽቦ ስሸጥ ነው የኖርኩት። ነቅዬ ግን አላውቅም። ሚስማሩ እንጨቱን ነክሶ አይለቅም። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆሞ ሰላም ይላል፤ ለእያንዳንዱ ቀና ማለት አለ። ሥራው የዘገየው በሰላምታ ነው።

ሱሩር ያረጀ ጆንያ ይዞ መጣ። «እጅዎን ይጠቅልሉበት» አለኝ።

«መርዳት ተከልክላችኋል።»

«መርዳት ተከልክለናል። ጆንያ ማቀበል አልተከለከልንም» አለ። ቁጭ ብሎ ስሠራ ሲያየኝ ዋለ። አንድ ሁለት ጊዜ «በዚህ በኩል ቢይዙት» አለኝ። እኔ በራሴ መንገድ ነው የያዝኩት። ተወጋሁ።

መስከረም 14

ዛሬ ጨረስኩ። የመጨረሻውን ጥቅል ኤልዳድ ደጅ አስቀምጬ ልብሴን ለወጥኩና ብቻዬን በጫካው ገባሁ። ዙለይካ የነገረችኝ ቦታ ጋ መንገዱ ሰፊ ነው። ቃሬዛ ከነተሸካሚው ያልፋል። ጉቶዎቹ አሁንም አሉ፤ ሻጋታ ለብሰዋል። ባንዱ ላይ ተቀምጬ አረፍኩ።

ከዚያ ወጥቼ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ደረስኩ። መቃብሯ ላይ ሣሩ ታጭዷል። ማን እንዳጨደው አልጠየቅሁም። እዚያ ቆየሁ። ያልኳትን አልጽፈውም፤ የባልና የሚስት ነገር ነው።

ቀና ስል ሱሩር ከበሩ ውጭ ቆሟል። አልገባም። መቼ እንደመጣ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ሊመሽ ነው። የላይኛው መንገድ ይርቅብዎታል፤ በጫካው እንሂድ።»

በጫካው ሄድን። እሱ ፊት ፊት፣ እኔ ከኋላው። መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው።